በቃኝ የማይል ደም፦ የኤሮ ማንቲራንታ ጉዳይ

እኔ የምሰራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሲቢሲ ማሽን (የደም ሴሎችን የሚቆጥረው) ፊት ነኝ ማለት ይቻላል። አንድ ቀን የአንድ ሯጭ ልጅ ደም መጣ፣ ሄሞግሎቢኑ (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 18.4፣ ማሽኑ ከቁጥሩ ጎን ወደላይ የሚያይ ቀስት አድርጎበት አወጣው፣ አብሮኝ ተረኛ የነበረው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገና "ይሄማ ተወግቷል" አለኝ፣ ደም የሚያበዛ ነገር በመርፌ ወስዷል ማለቱ ነው። በቃ፣ በአንድ ቃል ፈረደበት። ልጁ በነጋታው አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲመጣ 16.6 ሆኖ ተገኘ፣ ለካ የመጀመሪያው ቀን ከረጅም ልምምድ ቀጥታ ነው የመጣው፣ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ ሳይቀምስ፣ ፈሳሹ ከሰውነቱ ስለወጣ ደሙ ወፈረ እንጂ የጨመረ ቀይ ሴል አልነበረም። የልጁ ነገር እዚህ ጋ አለቀ፣ ግን ያቺ "ተወግቷል" የምትለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፣ ምክንያቱም በዚችው ቃል ለብዙ ዓመት የታማ ሰው አውቃለሁ፣ በአካል ሳይሆን ስለደሙ ከተጻፈው ጥናት። የሱን ጉዳይ ከነዝርዝሩ መጻፍ ከፈለግኩ ቆየሁ፣ ዛሬ ልጻፈው።

ሰውየው ኤሮ ማንቲራንታ ይባላል፣ ፊንላንዳዊ የስኪ (በረዶ ላይ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም ጣውላ የሚኬድበት ስፖርት) ተወዳዳሪ ነበር፣ በ1937 ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሀገሩ ሰሜን ፊንላንድ ላፕላንድ ውስጥ ፔሎ አካባቢ ነው፣ ከስዊድን ጋር የሚያዋስነው ወንዝ ዳር። እዛ አካባቢ በረዶው ለወራት ስለማይለቅ ስኪ መጀመሪያ መሄጃ ነበር፣ ስፖርትነቱ ከዛ በኋላ የመጣ ነው፣ በዛን ጊዜ ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሱ ነበር። እሱም እንደዛ አደገ፣ ከዛ ድንበር ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ለኛ ሰው ዘመኑን ለማስታወስ በአበበ ቢቂላ በኩል መሄድ ይቀላል፣ አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ወርቅ ሲወስድ ማንቲራንታ በዛው ዓመት የካቲት ላይ አሜሪካ ስኳው ቫሊ በክረምቱ ኦሎምፒክ በዱላ ቅብብል ወርቅ ወስዶ ነበር፣ አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲደግም እሱም በዛው ዓመት ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ላይ ሁለት ወርቅና አንድ ብር ጨመረ። አንዱ የክብር ዘበኛ፣ አንዱ ድንበር ጠባቂ፣ ሁለቱም ደሞ የሳንባና የልብ ሰዎች።

የኢንስብሩኩ ድል ግን ዝም ብሎ ማሸነፍ አልነበረም። ውድድሩ የተካሄደው ዜፌልድ የምትባል ከተማ ላይ ነው፣ በ30 ኪሎሜትር ሁለተኛውን ከ1 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ፣ በ15 ኪሎሜትር ደግሞ 40 ሰከንድ ገደማ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ የወጣው ያው ኖርዌያዊው ሃራልድ ግሮኒንገን ነው። በ15 ኪሎሜትር 40 ሰከንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሩጫ የሚከታተል ሰው ያውቀዋል፣ ከኋላ ያለው ሰው ጀርባህን እንኳን አያይም። "ሚስተር ዜፌልድ" የሚል ስም ወጣለት። በ1968 ግሬኖብል ላይ አንድ ብርና ሁለት ነሀስ ጨምሮ በጠቅላላው 7 የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሰበሰበ፣ ሶስቱ ወርቅ። በ1962 እና በ1966 ደግሞ የ30 ኪሎሜትር የዓለም ሻምፒዮን ነበር።

እና ሐሜቱ መጣ። ደሙ ከሌላው ሰው የተለየ ወፍራም መሆኑ ገና በሚወዳደርበት ጊዜ ይታወቅ ነበር፣ ፊቱም ደም የመሰለ ቀይ ነበር፣ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲያይ ሶስተኛውን ራሱ ይጨምራል፦ ደም ያስጨምራል ተባለ፣ ማለትም የሌላ ሰው ወይም ቀድሞ የተቀዳ የራሱን ደም ከውድድር በፊት በመርፌ ያስገባል። እሱ አላደረግኩም ይላል፣ ማን ይመነው። አንድ ሰው ብቻውን ስለራሱ ደም ቢምል ምን ይጠቅመዋል?

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ቁጥሩን በዓይን እንየው፣ እኔ ቁጥር በወረቀት ብቻ ሲነገር አይገባኝም። ድሮ ማሽን ሳይበዛ (አሁንም በብዙ ጤና ጣቢያ) ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ ቀይ ሴል የያዘው ድርሻ) የሚለካው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፣ ከጣት ጫፍ ደም ይስባል፣ አንዱን ጫፍ ትደፍነዋለህ፣ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ታሽከረክረዋለህ። ሲወጣ ሶስት ነገር ይለያል፣ ከስር ቀዩ ሴል፣ ከሱ በላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ። ጤነኛ ወንድ ላይ ቀዩ ግማሽ አይሞላም፣ 45 በመቶ አካባቢ ይቆማል። ሄሞግሎቢኑን በ3 ብታበዙት ሄማቶክሪቱ ጋ ትቀርባላችሁ፣ ይቺ ላብራቶሪ ውስጥ ሁላችንም የምንጠቀምባት ሂሳብ ናት። የማንቲራንታ ሄሞግሎቢን ከ20 በላይ ነበር፣ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ቀዩ 60 እና ከዛም በላይ ይወጣል ማለት ነው፣ ቢጫው ከላይ ትንሽ ቦታ ይቀርለታል። እኔ እንደዛ ያለ ቱቦ ባይ መጀመሪያ የማስበው ናሙናው ተበላሽቷል ብዬ ነው።

እሺ፣ ቀይ ሴል ማን ነው ብዛቱን የሚወስነው? ኩላሊት ነው። ብዙ ሰው ኩላሊት ሽንት ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ኩላሊት ውስጥ የኦክስጅን መጠን የሚያዳምጡ ሴሎች አሉ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፣ በአጭሩ ኢፖ የምንለው። አትሌቲክስ ዜና ላይ ስሙ የጠፋው ኢፖ ይሄው ነው፣ ዲያሊሲስ የሚደረግላቸው ሰዎች ደማቸው እንዳያንስ የሚወጉትም ይሄው ነው። ኢፖ በደም ተጉዞ የአጥንት መቅኔ ይገባል፣ እዛ ቀይ ሴል ለመሆን የተዘጋጁ ጨቅላ ሴሎች አሉ፣ ኢፖ ካላገኙ ይሞታሉ፣ ካገኙ ይኖራሉ ይባዛሉ። አንድ ቀይ ሴል 120 ቀን አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ መቅኔው በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ አዲስ ማምረት አለበት፣ ይሄ ሁሉ ሥራ የሚታዘዘው በዚች በአንዲት ሆርሞን ነው።

ኢፖ ግን ሴሉ ውስጥ አይገባም፣ በር ላይ ነው የሚቆመው። በሩ ላይ የሚቀበለው ፕሮቲን የኢፖ ተቀባይ ይባላል፣ እሱን የሚሰራው ጂን ኢፖር ይባላል፣ ክሮሞዞም 19 አጭሩ ክንድ ላይ ነው ያለው። ፕሮቲኑ 508 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ) ተቀጣጥሎ የተሰራ ነው፣ የሴሉን ቆዳ ሰንጥቆ የገባ እንጨት አድርጋችሁ አስቡት፣ ግማሹ ውጪ ግማሹ ውስጥ። የውጪው ኢፖን ይይዛል። የውስጡ በራሱ ምንም ጉልበት የለውም፣ ግን ከሥሩ ጃክ2 የሚባል ኢንዛይም ተለጥፎበት ይኖራል፣ ሁለት ተቀባዮች ጎን ለጎን ሆነው አንዲት ኢፖ ሲይዙ ሁለቱ ጃክ2ዎች እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ፣ ከዛ ስታት5 የሚባለው መልእክተኛ ተነስቶ ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ይሄድና "ኑር፣ ተባዛ" ይላል።

አሁን ልብ በሉ፣ ይሄ እሳት አንዴ ከተነሳ ማን ያጠፋዋል? መልሱ እዛው ተቀባዩ ላይ ነው፣ ጭራው ላይ። የውስጠኛው ክፍል መጨረሻ ጫፍ ላይ ሌላ ኢንዛይም የሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ሽፕ1 ይባላል፣ መጥቶ እዛ ጫፍ ላይ ያርፍና ጃክ2ን ያጠፋዋል። ድግስ ቤት ተቀምጣችሁ አሳላፊው ጠላ ይዞ ሲዞር አይታችኋል፣ "በቃኝ" በአፍ ማለት ብዙ አይሰራም፣ እጃችሁን ብርጭቆው አፍ ላይ ስትከድኑ ነው የሚያልፋችሁ። የተቀባዩ ጭራ ያ እጅ ነው። ሴሉ የሚፈልገውን ያህል ከተቀዳለት በኋላ ጭራው ይከድናል፣ መቅዳቱ ይቆማል።

ማንቲራንታ ቤተሰብ ውስጥ ያ እጅ የለም።

ይሄንን ያገኙት ሔልሲንኪ ያሉ ሐኪሞችና የዘረመል ተመራማሪዎች ናቸው፣ በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት ኤቫ ዩቮነን እና አልበርት ደ ላ ሻፔል ናቸው። የሄዱበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል ምክንያቱም ሰውየውን ብቻ ይዘው አልፈረዱም፣ ዘመዱን ሁሉ ነው የጠየቁት። አያት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ በጠቅላላው 97 የቤተሰቡ ሰዎች ታዩ፣ ከነሱ ውስጥ 29ኙ ደማቸው እንደሱ ወፍራም ሆኖ ተገኘ። ወንድም ሴትም፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ትውልድ ሳይዘል፣ ይሄ ማለት ከእናት ወይ ከአባት የመጣ አንድ የተበላሸ የጂን ኮፒ ብቻውን ይበቃል፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ፣ 29 ሰው ላፕላንድ ገጠር ቁጭ ብሎ ደም ሲያስጨምር። አይሆንም። ኤሮ ለብዙ ዓመት ብቻውን ሲናገር ያልታመነውን ነገር አክስት አጎቱ ክንዳቸውን ዘርግተው መሰከሩለት።

ምርመራው ሌላም ነገር አሳየ። ነጭ ሴላቸውና ፕሌትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ጤነኛ ነው፣ የበዛው ቀዩ ብቻ ነው። ደማቸው ውስጥ ያለው ኢፖ ደግሞ አልበዛም፣ እንዲያውም ወደ ታች ያደላ ነው፣ ይሄ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ግን ቆም ብለው ሲያስቡት ልክ ነው፣ ኩላሊቱ ኦክስጅን ሞልቶ ሲያይ "በቂ አለ" ብሎ ኢፖ ይቀንሳል፣ አሳላፊው ጥቂት ነው የሚቀዳው፣ ችግሩ ብርጭቆው አለመከደኑ ነው። ከመቅኔያቸው የወጡትን ጨቅላ ሴሎች ሳህን ላይ አሳድገው ኢፖ በጠብታ ሲሰጧቸው የሌላ ሰው ሴል ምንም በማይሰማበት ትንሽ መጠን የነዚህ ሰዎች ሴሎች ቀይ ሆነው ብቅ አሉ። በ1991 ይሄንን አሳተሙ፣ ማለትም ችግሩ ኢፖን ከመጠን በላይ መስማት ነው ብለው። ከዛ በ1993 መጀመሪያ ወፍራሙ ደም ከኢፖር ጂን ጋር ተያይዞ በቤተሰቡ ውስጥ እንደሚወርድ አሳዩ፣ በዛው ዓመት ጂኑን ፊደል በፊደል አንብበው ጥፋቱን አገኙት።

ጥፋቱ አንድ ፊደል ናት። ጂ መሆን የነበረባት ኤ ሆነች። ከ3 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ አንዷ። ሌላ ቦታ ብትሆን ምንም ላትሆን ትችል ነበር፣ እዚህ ግን ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ የሚያዘውን ቃል "አቁም" ወደሚለው ቀየረችው፣ ፕሮቲን የሚሰራው ማሽን 438ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ደርሶ ሥራው ያለቀ መስሎት ይለቀዋል። የቀሩት 70 አሚኖ አሲዶች ሳይሰሩ ይቀራሉ፣ እነዛ 70 ደግሞ ጭራው ናቸው፣ ሽፕ1 የሚያርፍበት ጫፍ እዛ ውስጥ ነው። ተቀባዩ ኢፖን ይይዛል፣ ጃክ2 ይቀጣጠላል፣ ስታት5 ይሄዳል፣ ሁሉም ጤነኛ ነው፣ ማጥፊያው ብቻ የለም። እኔ ይሄን ነገር መጀመሪያ ሳነበው ደጋግሜ አየሁት፣ የጎደለ ነገር ሰውን ያደክማል ብለን ነው የለመድነው፣ እዚህ ግን ከፕሮቲን ላይ ቁራጭ ጎድሎ ሰውየው በረታ።

አሁን ከዚህ ተነስቶ "ታዲያ ሜዳሊያውን የወሰደው ጂኑ ነው" የሚል ሰው አለ፣ በዚህ በጭራሽ አልስማማም፣ የምሬን ነው። ደም ወፍሮ ኦክስጅን በብዛት መሸከሙ ይጠቅማል፣ በተለይ እጅም እግርም ጀርባም እኩል በሚሰራበት ስኪ ላይ፣ አይካድም። ግን 29 ናቸው እኮ! ከነሱ ውስጥ የእህቱ ልጅ ፐርቲ ቴውራያርቪ በ1976 በዱላ ቅብብል የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል፣ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ቀሪው አብዛኛው ግን ያው እንደማንኛውም ሰው ሥራውን ሰርቶ ኖሯል። ደሙ አቅም ሰጠው፣ በጨለማው የላፕላንድ ክረምት በየቀኑ ያን ያህል ኪሎሜትር የሄደው ግን ደሙ አይደለም።

ደግሞ ሰውየውን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም፣ ጉዳዩ በሙሉ ይነገር ካልኩ ይሄም መነገር አለበት። በ1972 የፊንላንድ ሻምፒዮና ላይ የአምፌታሚን (የሚያነቃቃ መድኃኒት) ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኖበታል፣ በዶፒንግ (የተከለከለ ነገር በመውሰድ) የተያዘ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊ አትሌት ነው፣ መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ ሆርሞን እንደተጠቀመ አምኗል፣ ሆርሞኑ በዛን ጊዜ ገና አልተከለከለም ነበር። ይሄ ከደሙ ጋር ምንም አይገናኝም፣ አምፌታሚን ሄሞግሎቢን 20 አያደርስም። ግን ሰው ሁለቱን ደባልቆ "አየህ፣ ድሮም ብለን ነበር" ይላል፣ ሁለት የተለያየ ክስ ነው፣ ባንዱ ጥፋተኛ የሆነ ሰው በሌላኛው ንጹህ ሊሆን ይችላል። እኔ ሥራዬ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው መሰለኝ፣ እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ ቁጥር አለው።

ከቀን አቆጣጠር አንፃር እንኳን ብናየው "ኢፖ ተወግቶ ነው" የሚለው አያስኬድም። የኢፖ ጂን ተለይቶ የወጣው በ1985 ነው፣ በመርፌ የሚሰጠው ኢፖ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989፣ ሰውየው ደግሞ የኦሎምፒክ ወርቆቹን የወሰደው በ1960 እና በ1964። ሊታማ የሚችለው ደም በማስጨመር ብቻ ነው፣ የተጨመረ ደም ደግሞ ሴሎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው በወራት ውስጥ ያልቃሉ፣ የሱ ደም ግን ውድድር ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም ያው ወፍራም ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ለማን ብሎ ደም ያስጨምራል?

የሱ ጉዳይ ከሱ ያለፈ ነገር አስነስቷል። ኢፖ ስፖርቱን ሲያጥለቀልቀው ሳይክል ውድድር ላይ በ1997 ሄማቶክሪቱ ከ50 በላይ የሆነ ወንድ አይወዳደርም የሚል ሕግ ወጣ፣ ያኔ በመርፌ የሚወሰደውን ኢፖ ከሰውነት ኢፖ የሚለይ ምርመራ ስላልነበረ ነው፣ ምርመራው ኦሎምፒክ ላይ የተጀመረው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ብንሄድ ማንቲራንታ ከቤቱ ሳይወጣ ይታገድ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ እዛው ፊንላንድ ላህቲ ላይ በ2001 የዓለም ሻምፒዮና ስድስት የአዘጋጇ ሀገር ስኪ ተወዳዳሪዎች ፕላዝማ የሚያበዛ ፈሳሽ ወስደው ተያዙ፣ የዛ ፈሳሽ ጥቅሙ ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ከገደቡ በታች ማውረድ ነው። አያችሁ የቁጥር ገደብን ክፋት፣ ንጹሑን ያግዳል፣ አዋቂ አጭበርባሪ ደግሞ በስሩ ሾልኮ ያልፋል። የተሻለው መንገድ ከ2009 ጀምሮ የመጣው የአትሌት ባዮሎጂካል ፓስፖርት ነው፣ ሰውን ከራሱ ጋር ነው የሚያወዳድረው፣ የዛሬ ደምህ ከአምናው ደምህ ጋር። እንደዚህ ከሆነ እንደ ማንቲራንታ ዓይነቱ ሰው ሁሌም ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ አይወነጀልም፣ በድንገት ዘሎ የሚወርደው ነው የሚያዘው።

ስለኛም አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ባልደረባዬ ወዲያው "እኛ ደጋ ስለሆንን ደማችን ወፍራም ነው አይደል፣ ለዛ ነው የምንሮጠው" ብሎኛል። ሁላችንም እንደዛ ነበር የምናስበው። ግን በ2002 በሲንቲያ ቢል መሪነት የታተመ ጥናት አለ፣ ሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ታይተው የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ቆላ ላይ ያለ ሰው ቁጥር ማለት ይቻላል! አንዲስ ተራራ ላይ ያሉ ሰዎች በዛ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፣ የሰሜን ሰዎች ግን ደማቸው ሳይወፍር ኦክስጅኑን ይዘውታል። ስለዚህ ወፍራም ደም አንድ መንገድ ነው፣ ብቸኛው መንገድ አይደለም፣ ሐበሻ ሯጭ ሁሉ ደሙ ወፍራም ነው ብሎ መነሳትም አይቻልም።

ይሄንን የሚያነብ ጤና ባለሙያ ወይም ደሙ ወፍራም ነው የተባለ ሰው ካለ ደግሞ ማንቲራንታን አይቶ እንዳይዘናጋ። የሱ ቤተሰብ በዚህ ደም ዕድሜው አላጠረም፣ እሱም የሞተው በ2013 መጨረሻ በ76 ዓመቱ ነው። ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ግን በዚሁ ጂን ጭራ ላይ በሚደርስ ሌላ ጉዳት ራስ ምታት፣ ደም ግፊት፣ የደም መርጋት ያጋጠማቸው አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አብዛኛው የደም መወፈር ከዚህ ጂን የመጣ አይደለም፣ ሲጋራ ነው፣ የሳንባ በሽታ ነው፣ ውሃ ማነስ ነው፣ አንዳንዴ ኩላሊት ላይ ያለ እጢ ነው፣ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ (ውሃ ከማነሱ በቀር) ኢፖው ከፍ ይላል። ኢፖው ዝቅ ብሎ ደሙ ከወፈረ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። እዚህም ጋ ያ ጃክ2 ይመጣል፣ ማንቲራንታ ላይ ጃክ2 ጤነኛ ሆኖ ማጥፊያው ነው የጎደለው፣ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ላይ ግን ራሱ ጃክ2 ተበላሽቶ ያለ ኢፖ ይቀጣጠላል፣ ይሄ በ2005 ነው የታወቀው፣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች ላይ ይገኛል። ከወላጅ አይወረስም፣ በዕድሜ ውስጥ የሚመጣ ነው። ሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ የሚያሳክክ ቆዳ፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ነጭ ሴልና ፕሌትሌትም አብሮ መጨመር ወደሱ ይጠቁማሉ። ካልታከመ ደም ጭንቅላት ወይ ልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፣ ሕክምናው ሄማቶክሪቱ ከ45 በታች እስኪወርድ ደም መቅዳት፣ አነስተኛ አስፕሪን፣ ለአንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት ነው። ደም መቅዳት ስል ሐኪም ለክቶ የሚያደርገውን ነው እንጂ ሰፈር ያለ ዋግምት አይደለም፣ እባካችሁ።

እኛ ጋ ያለው የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ሁኔታ የሚል መስመር የለም። ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የካርድ ቁጥር፣ በቃ። ስለዚህ አሁን ሄሞግሎቢን ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከፍ ካለ ስልክ አንስቼ ሐኪሙን "ወንድም እህት አለው? እነሱስ ታይተዋል?" እላለሁ፣ አንዳንዱ ምን አገባህ የሚል ድምፅ ያሰማኛል፣ አንዳንዱ ግን አመስግኖኝ ይጠይቃል። ያ "ተወግቷል" ያለው ባልደረባዬም አሁን ይጠይቃል። በቅርቡ አንድ የ31 ዓመት ሰው ሁለቴ ተለክቶ ሁለቴም 19 አለፈ፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ሳንባው ደህና ነው፣ ሐኪሙ ታናሽ ወንድሙን አምጣ አለው፣ አመጣው። ማሽኑ ስራ በዝቶበት ስለነበር የወንድምየውን ደም በመስታወት ቱቦ ስቤ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አስገባሁት፣ ታላቅየው በሩ ላይ ቆሞ ያያል፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ቀዩ 44 ላይ ቆመ። የታላቅየው የጃክ2 ናሙና ወደሚሰራበት ቦታ ተልኳል፣ ውጤቱ ገና አልመጣም።